ጎብዬ «ሎብዬ» የሆነችበት ጽሑፍ

ቆቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው የአክስቴ ልጅ፣ ለወንድም ጋሼ ከማሉዲን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆችህ እንዴት ከርማችኋል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባም ሳይሰስት ዘንቧል። ማሽላው ከሮቢት እስከ ዋጃ ድረስ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ቆሟል፤ ሰዉም ወፍ ሊጠብቅ ማማ ላይ ወጥቷል።

በስልክ እንዳልነግርህ ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል፤ ነገሩም ረዘም ይላል። ስለዚህ ኸይረዲን፣ የጎብዬው ጨርቅ ነጋዴ፣ ዱባይ ሲሄድ ከዚያ በፖስታ እንዲልክልኝ ለምኜው ነው የምጽፍልህ።

አብዬ ዓይናቸው ጠፍቷል። ዓመት ሊሞላው ነው። እንዳትደነግጥ ብለን ነው ያልነገርንህ። ሰማንያ አራት ዓመት ቢሞላቸውም ጆሮአቸውም አንደበታቸውም እንዳለ ነው። ከማስተምርበት ስመለስ ያገኘሁትን አነብላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን መጽሐፉን በእጃቸው ገፋ አደረጉና፣ «ይሄ ይብቃኝ፤ የእኔን ሽማግሌዎች አንብቢልኝ» አሉኝ።

የእሳቸውን ሽማግሌዎች አንተ ታውቃቸዋለህ። አብዬ በእርሻ ፕሮጀክቱ ቢሮ ጸሐፊ ሳሉ፣ በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚመጡትን ትልልቅ ሰዎች ሻይ እየጋበዙ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ድርቁ፣ ስለ ዘመድ አዝማዱ የሚነግሯቸውን በደብተር ይጽፉ ነበር። አንተ ደግሞ ከሥራ በኋላ በቢሮው ኮምፒውተር ትተይበው ነበር። አርባ ሦስት ሰዎች ናቸው። ዛሬ ከአርባ ሦስቱ አንድም በሕይወት የለም።

ደብተሮቹም የሉም። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተን ስንመለስ ሳጥኑ ከነደብተሮቹ ሄዷል። ያን ጊዜ ለአብዬ ስነግራቸው፣ «ግድ የለም፣ ከማል ማሽኑ ላይ አስቀምጦታል» አሉኝ። አሁን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ዘጠኝ ፍሎፒ አግኝቻለሁ፤ እነዚያ ሰፋፊዎቹ፣ እንደ ወረቀት የሚታጠፉት። በያንዳንዱ ላይ በአንተ እጅ «ተራ ጽሑፍ፣ 1984» ተብሎ ተጽፏል። እነሱን የሚያስገባ ማሽን ቆቦም ወልድያም አጣሁ።

አንተ አገር ይገኝ ይሆን? አብዬ በየቀኑ ይጠይቁኛል።

ዱዓችን አይለይህ።
እህትህ ፈሪሀ አብዱሰመድ


ኑረንበርግ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ፈሪሀ

ወዐለይኩም አሰላም ወራህመቱላህ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ አጎቴ ዓይን የነገርሽኝ አንጀቴን በላው። ለሕክምናው የሚሆን ጥቂት ነገር በኸይረዲን በኩል ልኬያለሁ፤ ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ይታዩና ወጪውን እኔ እሸፍናለሁ።

ቢሮውን አነሳሽብኝ። ኮርኒስ አልነበረውም፤ የቆርቆሮው ሙቀት አናት ይበሳ ነበር። አጎቴ አቧራው ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ እርጥብ አቡጀዲ በመስኮቱ ላይ ይሰቅሉና፣ አቡጀዲው ሲደርቅ እንደገና ይነክሩት ነበር። ጄነሬተሩ ተነስቶ ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቅ ሲል ሁልጊዜ «ቢስሚላህ» ይላሉ። አንቺ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሽ። በሩ ላይ ቆመሽ «ስሜን ጻፈው» ስትይኝ ጽፌ አሳይሻለሁ፤ ከዚያ እየሳቅሽ ትሮጫለሽ።

ፍሎፒዎቹን በተመለከተ፣ በዚያ ሙቀት ሠላሳ ምናምን ዓመት የተቀመጠ ነገር ደህና ይሆናል ብዬ አላስብም። አጎቴ ብዙ ተስፋ ባያደርጉ ይሻላል። ደብተሮቹ ግን በእርግጥ ሁሉም ጠፍተዋል? አንድም አልቀረም? ጎረቤት ቤት፣ መስጊድ፣ አንዱ ዘመድ ዘንድ ጠይቂ እስኪ።

ለሁሉም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።
ከማሉዲን


ቆቦ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ከማሉዲን

ሰላምና ጤና ይብዛልህ። የላክኸው ደርሷል፤ አላህ በእጥፍ ይክፈልህ። ወልድያ ወስጃቸው ሐኪሙ አይቷቸዋል፤ ነርቩ ስለሞተ አዲስ አበባም ቢሄዱ ለውጥ የለውም አለ። አብዬ ከሆስፒታሉ ስንወጣ፣ «እንዲያው ፊትህን ለማወቅ ነበር እንጂ መስማቱስ ይበቃኝ ነበር» ብለው ሐኪሙን አሳቁት። ከእንግዲህ ለሕክምና አትላክ፤ ቅር እንዳይልህ። የጠየቅሁህ ያንን አልነበረም።

ደብተር የለም። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅኸኝ፤ እኔም ደጋግሜ ፈልጌአለሁ።

ስለዚህ ዘጠኙንም ፍሎፒ በጨርቅ ጠቅልዬ ኸይረዲን እጅ ሰጥቻለሁ። ሞተዋል ካልክ እዚያው አይተህ ሞተዋል በለኝ። አብዬን አትጠብቁ ልላቸው ሞክሬ ነበር፤ «ከማል ይከፍተዋል፤ ያንን ሥራ ሲሠራ ሦስት ቀን ምሳ አልበላም» አሉኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአርባ ሦስቱ አንዷ እናትህ እትዬ ራህመት መሆናቸውን አስታወስክ? እኔ አላወቅሁም ነበር። አብዬ ናቸው የነገሩኝ። እህታቸውን እንደማንኛውም ባለጉዳይ ወንበር ላይ አስቀምጠው ጠይቀዋቸዋል አሉ። ምን እንዳሉ ግን አያስታውሱም፤ እንዳሳቋቸው ብቻ ነው የሚያስታውሱት።

ፈሪሀ


ኑረንበርግ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ፈሪሀ

አሰላሙ ዐለይኪ። ሦስት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ ምን እንዳልሽ እገምታለሁ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አሁን ሳልቆም እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ፤ አንቺም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ፍሎፒዎቹ በየካቲት ደረሱኝ። እዚህ አሮጌ ኮምፒውተር እየጠገኑ የሚሰበሰቡ ጡረተኞች አሉ። አንዱ ሽማግሌ የእኛን ቢሮ ማሽን የመሰለ ማሽን ከነነፍሱ አኑሮታል። ስናስገባቸው ሁለቱ አልተነበቡም፤ ሰባቱ ተነበቡ። ሙቀቱ ያን ያህል አልጎዳቸውም። የጎዳኋቸው እኔ ነኝ።

በ1984 ፕሮጀክቱ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣለት፣ አሮጌው የአማርኛ መጻፊያ በአዲሱ ላይ አልሠራ አለ። አጎቴ «ሽማግሌዎቼ አሮጌው ማሽን ውስጥ ተቆልፈው ሊቀሩ ነው» ብለው ተጨነቁ። እኔ አንድ መመሪያ አንብቤ ነበር፤ ማንኛውንም ጽሑፍ በየትኛውም ማሽን ወደሚነበብ ተራ ጽሑፍ የሚቀይር አጭር ፕሮግራም በውስጡ ነበረው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ቆቦ ውስጥ አልነበረም፤ እኔም ያንን አውቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽን ፊደል አያውቅም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። እንግሊዝኛ ጥቂት ፊደል ስላለው የታችኞቹ ቁጥሮች ይበቁታል። የላይኞቹን መመሪያው የተዘጋጀለት የእንግሊዝኛ መጻፊያ የቃል መጨረሻን ለማመልከት ብቻ ነበር የሚጠቀምባቸው። ስለዚህ የመመሪያው ፕሮግራም የላይኛውን ቁጥር ሁሉ ወደ ታች ያወርደዋል፤ እንግሊዝኛውም ጸድቶ ይወጣል። የእኛ ፊደል ግን ብዙ ነው፤ የአማርኛው መጻፊያ ግማሹን ከታች፣ ግማሹን ከላይ አስቀምጦት ነበር። እኔ ሁሉንም አወረድኩት። የላዩ ፊደል ከታቹ ፊደል ላይ ወደቀ። ገ ለ ሆነ፤ ወ በ ሆነ፤ ደ ረ ሆነ፤ ጠ ቀ ሆነ፤ ሸ መ ሆነ። ሌሎቹ እድለኛ ሆነው ተረፉ።

ሦስት ቀን ሠርቼ ስጨርስ አንዱን ከፍቼ አየሁ። ቆቦ ቆቦ ነው፤ ሮቢትም ሮቢት ነው። ጎብዬ «ሎብዬ» ሆናለች። ዋጃ «ባጃ» ሆናለች። የአጎቴ ስም «አብሩሰመር» ይላል። ትርፍ ፍሎፒ ስላልነበረን የጻፍኩት በዋናው ላይ ነበር፤ መመለሻ የለውም። ማሽኑን አጠፋሁት። አጎቴ አቡጀዲውን እየጨመቁ ገቡና «አለቀ?» አሉኝ። «አልቋል» አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው የምሳዬን ዳቦ ከኪሳቸው አወጡልኝ።

ደብተሮቹ ስላሉ አንድ ቀን እንደገና እተይበዋለሁ ብዬ ነበር ራሴን ያባበልኩት። ከሰባት ወር በኋላ ግን ከአገር ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለአጎቴ ስንት ጊዜ ደወልኩ፤ አንድ ቀን አልነገርኳቸውም። ደብተር፣ ደብተር እያልኩ የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው።

አሁን ያለውን አትሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ነው። የትኛው ፊደል በየትኛው ላይ እንደወደቀም ለብቻው ጽፌልሻለሁ። ለ ያለበት ቦታ ምናልባት ገ ነው፤ ምናልባትም ራሱ ለ ነው። ማሽኑ አይለየውም። የሚለየው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ለአጎቴ ብትነግሪያቸውም ባትነግሪያቸውም ለአንቺ ትቼዋለሁ። አፉ በይኝ።

ከማሉዲን


ቆቦ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ከማሉዲን

ሰላም ለአንተ ይሁን። ወረቀቱ በግንቦት መጀመሪያ ደርሷል። ደብዳቤህን አንብቤ አንድ ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ከረምኩ። ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅህም። አርባ ሦስት ሰዎች አምነው የነገሩት ነገር ነው። ደግሞ አብዬ በየቀኑ «የከማል መልስ አልመጣም?» ይላሉ። እኔ ደግሞ የመጣውን ትራሴ ሥር አድርጌ «ገና ነው» እላለሁ። በአምስተኛው ቀን እኔም እንዳንተ እየሆንኩ መሆኔ ገባኝ።

ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለሱ አጠገባቸው ተቀምጬ ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። አላቋረጡኝም። ሲያልቅ የዉዱእ ውሃ አምጪልኝ አሉ፤ የዐስርን ሶላት ሰገዱ፤ ሰግደው ከጨረሱም በኋላ መስገጃው ላይ ቆዩ። የከፋቸው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ፣ «ሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁትም» አሉ። «ቢሮው እስኪዘጋ አምስት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጫለሁ እኮ። ሽማግሌዎቹ አደራውን የሰጡት ለእኔ ነበር፤ እኔ ለልጅ አሸክሜ ተኛሁ። ይህን ጻፊለት።» ጽፌልሃለሁ።

ቀጥለው «አንብቢልኝ» አሉ።

እንዳለ ላንብበው? አልኳቸው። እንዳለ አንብቢው አሉኝ። የመጀመሪያው ሰውዬ «እኔ የሎብዬ ምማልሌ ነኝ» ይላል። አብዬ ጆሯቸውን አቀኑ፤ ድገሚው አሉ፤ ደገምኩት። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እንዲያ ስቀው አያውቁም። «የጎብዬ ሽማግሌ!» አሉ፤ «ቀይ ሰው ነው፣ አንገቱ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሻዩን ያለ ስኳር ነበር የሚጠጣው።»

እንዲህ ጀመርን። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሁለት ገጽ እንሄዳለን። እኔ የተሰበረውን አነባለሁ፤ እሳቸው ይጠግኑታል፤ እኔ በእርሳስ ከላዩ እጽፋለሁ። ብዙው ቀላል ነው፤ «ማምላ» ማሽላ እንደሆነ ማንም ያውቃል። የሚያስቸግረው ሁለቱም ንባብ ቃል ሲሆን ነው። አንድ የሮቢት ሰው፣ ሌላውን ቃል ስንጠግነው፣ «አባቴ ሊያርፍ ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቀራ» ይላል። ቁርኣን ቀራ ነው? ወይስ ሰው ጠራ? አብዬ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ቀራ ነው» አሉ። በምን አወቁ ብላቸው፣ «ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ጠራ ቢሆን ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር» አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ደብተሩ ቢኖር ኖሮ እኔ ዝም ብዬ አነብላቸው፣ እሳቸውም ዝም ብለው ይሰሙኝ ነበር። አሁን ግን ሰውዬው በምን ወንበር እንደተቀመጠ፣ ምን እንደለበሰ፣ የት ላይ እንዳለቀሰ ሁሉ ይነግሩኛል። ያንንም ለብቻው እየጻፍኩት ነው። ይህን የምልህ ጥፋትህን ለማቅለል አይደለም፤ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

የእትዬ ራህመት ትናንት ደረሰን። ጠግነን ከጨረስን በኋላ እንዲህ ይላል፤

«ያን ዓመት ወፉ መዓት ነበር። ባሌ ታሞ፣ ማማው ላይ የወጣሁ እኔ ነኝ። ሕፃኑን ከሥር በነጠላ ጠቅልዬ አስተኛሁት። ወፉን ስጮህበት ልጄ ይነሳል፤ ወርጄ እሹሩሩ ስለው ወፉ ይመለሳል። ወንጭፉን ልያዝ ልጁን ልያዝ? ኋላ ነገሩ ሲሰለቸኝ እሹሩሩውን በጩኸት አደረግሁት፤ ወፉም ሸሸ፣ ልጁም ለመደው። እስካሁን ካልጮኹበት አይተኛም።»

አብዬ «ሕፃኑ ከማል ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሌላ አላነበብንም።

ፈሪሀ


ኑረንበርግ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ፈሪሀ

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። የእናቴን ቃል አንብቤ ሥራ ቦታዬ ውስጥ ዕቃ ማከማቻ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እሷ ስታርፍ እዚህ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ አልመጣሁም። የድምፅ ቅጂዋ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ አፏን ገጥማ ነው የቆመችው። አሁን ስትናገር ሰማኋት። ለባለቤቴ በጀርመንኛ ልተርጉምላት ብዬ «እሹሩሩ» ላይ ስደርስ ቃል አጣሁ። ጮክ ብዬ አሰማኋት። ደንግጣ ሳቀች።

አጎቴ ያሉትን ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቴን ተካፈሉኝ እንጂ አላነሱልኝም፤ እንዲያ መሆኑ ይሻለኛል። ዛሬ በስልክ አግኝቻቸዋለሁ፤ ነግረውሽ ይሆናል። አፉ ይበሉኝ ስላቸው፣ «አፉ ብያለሁ፤ አሁን ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ አንድ ቃል አለ፣ አንተ ታስታውሰው እንደሆነ» አሉኝና ሥራ ጀመርን። ስልኩ እስኪቋረጥ ሦስት ቃል አቀናን።

የዓመት ፈቃዴን ለጥቅምት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። መንገዱ ደህና ከሆነ እመጣለሁ። እስከዚያ ስንት ይቀራችኋል? የማይፈታ ቢገጥማችሁ ላኪልኝ፤ እኔም እሞክራለሁ።

ከማሉዲን


ቆቦ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ከማሉዲን

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ። አብዬ ክረምቱን ሳል ይዟቸው ደክመው ነበር፤ አሁን ተነስተው ግቢው ውስጥ በምርኩዝ ይሄዳሉ። መንገዱ ለጊዜው ክፍት ነው፤ ስትመጣ ከኮምቦልቻ በቀን ተጓዝ።

ጨርሰናል። ማለት፣ ከአንድ ቃል በቀር ጨርሰናል። ሁለቱ ያልተነበቡት ፍሎፒዎች ላይ የነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ጠፍተዋል፤ ስማቸውን ግን አብዬ ስላስታወሱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፈነዋል። ሠላሳ አራቱ ሙሉ ናቸው።

ያ አንድ ቃል የሰው ስም ነው። አንድ የዋጃ ሽማግሌ በልጅነቱ ስላየው ድርቅ ይናገራል። ሰዉ ሁሉ ከብቱን ይዞ ወደ ቆላ ሲፈስ፣ አንድ ጉድጓድ ዳር አንዲት ልጅ ነበረች ይላል። ከማን ጋር እንደመጣች የሚያውቅ የለም። ውሃው ርቆ ገመዱ ቢያጥርባት መቀነቷን ፈትታ ቀጠለችበትና ለሚያልፈው ሁሉ ትቀዳ ነበር፤ ለእሱም ለእናቱም ቀድታላቸዋለች። ከሳምንት በኋላ በዚያ ሲመለሱ ሞታ መንገደኛ ሲቀብራት ደረሱ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ዘመድ የላት፣ አገሯን አላውቅ። ስሟን ብቻ ነው ያወቅሁት፤ ስትቀዳልኝ ጠይቄአት ነው። እባክህ ስሟን ጻፍልኝ።»

የተጻፈው «ራቢያ» ነው። በ እና ወ አንድ ላይ ወድቀዋል። ራቢያ ትሁን ራዊያ ትሁን አይታወቅም።

አብዬ ሦስት ቀን አሰቡ። ሰውዬውን ያስታውሱታል፤ ሻዩ ሳይጠጣ እንደቀዘቀዘበት ያስታውሳሉ፤ ስሙን ሲናገር የነበረውን ድምፅ ግን አጡት። «የለመነኝ አንድ ነገር ነበር» እያሉ ምግብ እምቢ አሉ። ላንተ እንዳልልከው አንተ የማታውቀው ነገር ነው። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ዋጃ ሄድኩ። የሰውዬውን ልጆች አገኘሁ፤ አያውቁም። መስጊድ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ወደ እማማ ወርቅዬ ሰደዱኝ፤ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ጉድጓዱን ያውቁታል፤ ሲደፈንም ነበሩ። ስለ ልጅቱ ግን ሲወራ የሰሙት «የመቀነቷ ልጅ» ሲባል ብቻ ነው።

ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝና ሁለቱን ስሞች እንደገና እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ሁለቱንም ጻፊው ልጄ» አሉኝ። «አንዷ እሷ ናት። ሌላዋም ያን ጊዜ ስሟን ጻፍልኝ የሚልላት ያጣች ልጅ ትሁን። ስንቷ ነበረች መሰለሽ።»

ቤት ስደርስ ለአብዬ ነገርኳቸው። እጃቸውን ለዱዓ አነሱ፤ እኔም አነሳሁ። መጀመሪያ ለራቢያ አደረጉ፤ ቀጥሎ ለራዊያ፤ ለየብቻ፣ አንዱንም ሳያሳጥሩ። ከዚያ ብዕሬን እንዳነሳ ነገሩኝ። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ እሳቸውም ወረቀቱን ተቀብለው ጣታቸውን በላዩ አሳለፉበት።

መንገድህን አላህ ያቅናው።
ፈሪሀ አብዱሰመድ